ዜብራ ላይ ደርቦ ስለሚያልፈው መኪና

ይድረስ ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትራፊክ ማኔጅመንት ባለሥልጣን፣



የምኖረው ደሴ ነው። ለሥራ አዲስ አበባ ስመጣ ማረፊያዬ ካሳንቺስ ስለሆነ የቂርቆስ ክፍለ ከተማን መንገዶች በእግሬ አውቃቸዋለሁ። የምጽፍላችሁ ስለ መጨናነቁ አይደለም፤ ስለ እሱ ብዙ ተብሏል። አንድ መኪና ዜብራ ላይ ለእግረኛ ሲቆም በጎኑ ደርቦ ስለሚያልፈው ሌላ መኪና ነው።

ከኡራኤል ወደ ካሳንቺስ በሚወስደው መንገድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ልጇን በእጇ የያዘች እናት ዜብራው ጫፍ ላይ ቆማለች። የቀኙን ረድፍ ይዞ የመጣ ሚኒባስ ታክሲ ቆመላት። ወዲያው ከኋላው የክላክስ ጩኸት ወረደበት። እናትየዋ መሻገር እንደጀመረች አንድ የቤት መኪና ከኋላ ወጥቶ በሚኒባሱ ግራ በኩል ተፈተለከ። ሚኒባሱ ስለጋረዳት የቤት መኪናው ሾፌር አላያትም፤ እሷም አላየችውም። ያተረፋት ባለታክሲው ነው፤ እጁን በመስኮት አውጥቶ እያውለበለበ "ቁም! ቁም!" ሲል ሰምታ ልጇን ወደ ኋላ ሳበችው። የቤት መኪናው ፍጥነቱን እንኳ ሳይቀንስ ሄደ። ባለታክሲዎችን መውቀስ ይቀናናል፤ እኔ ግን ያንን ሰው ከልቤ አመሰግነዋለሁ።

ይህ የአንድ ቀን አጋጣሚ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤ ባልጻፍኩ። ዜብራ ላይ ለእግረኛ ቅድሚያ መስጠት ግዴታ እንደሆነ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሁሉ ያውቃል። መንገድ ላይ ግን የሚሰደበው የቆመው ነው፤ ደርቦ ያለፈውን ማንም አይናገረውም። እንዲህ ከቀጠለ ጨዋው ሾፌርም ውሎ አድሮ መቆሙን ይተዋል።

በ2017 ዓ.ም. ነባሩ ካሳንቺስ ፈርሶ በኮሪደር ልማት እንደ አዲስ ሲሠራ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፤ ይህ እሰየው የሚያሰኝ ነው። ሆኖም አስፋልቱም አብሮ በሰፋ ቁጥር መኪናው ይፈጥናል፣ እግረኛውም የሚያቋርጠው ረድፍ ይበዛበታል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በአንድ ሴኮንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በ30 ቢነዳ 8 ሜትር ያህል ነው። ከቆመ ሚኒባስ ፊት ብቅ ላለ ሕፃን ይህች ልዩነት ሕይወት ናት። በከተማዋ በየዓመቱ 400 ገደማ ሰው በትራፊክ አደጋ ያልቃል፤ አብዛኞቹም እግረኞች ናቸው።

መፍትሔው የግድ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከዓመታት በፊት ለገሃር መስቀለኛ መንገድ ላይ በቀለምና በቀላል ቁሳቁስ ብቻ የእግረኛው መሻገሪያ እንዲያጥር ተደርጎ ነበር። እናንተም የመኪና መቆሚያውን መስመር ከዜብራው ጥቂት ሜትሮች ወደ ኋላ አርቃችሁ አስምሩ፤ ያን ጊዜ የቆመው መኪና እግረኛውን አይጋርደውም። ዜብራውን ራሱን ከአስፋልቱ ከፍ አድርጋችሁ ብታሠሩት ደግሞ የሚፈጥነው ሾፌር ሳይወድ በግዱ ፍሬን ይይዛል። ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ተነጋግራችሁም ዜብራ ላይ ደርቦ የሚያልፍ ሁሉ ያለ ምሕረት እንዲቀጣ አድርጉ።

ከኡራኤል እስከ ካሳንቺስ ባሉት ዜብራዎች ጀምሩት፤ ቢቻል በመጪው መስከረም ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት።