ድንበሩ ሲፈርስ፦ የጂኖም አደረጃጀትና የጂን ቁጥጥር

የጣቶች አፈጣጠር ጉድለት በዘር በሚተላለፍበት ቤተሰብ ውስጥ የተጠረጠረው ጂን ተመርምሮ ፊደላቱ ካልተዛቡ፣ ውጤቱ «ጤናማ» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ይህ ድምዳሜ ጂኑ ከየትኞቹ ክፍሎች ጋር እንደሚጎራበት ሳይጠይቅ የሚሰጥ ከሆነ ጎዶሎ ነው።

በአንድ የሰው ኅዋስ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ቢዘረጋ 2 ሜትር ገደማ ይረዝማል። በኒውክሊየስ ውስጥ የሚቀመጠው ግን በዘፈቀደ ተጠቅልሎ አይደለም፤ ኮሂሲንና ሲቲሲኤፍ በተባሉ ፕሮቲኖች አማካይነት በቀለበት መልክ እየታጠፈ በክልሎች ይከፋፈላል። ጂንን የሚያነቃቃ የዲኤንኤ ክፍል በአብዛኛው የሚገናኘው በራሱ ክልል ካሉ ጂኖች ጋር ነው። ርቀቱም ሰፊ ሊሆን ይችላል፤ ሶኒክ ሄጅሆግ የተባለውን ጂን በፅንስ እጅና እግር ላይ የሚያነቃቃው ክፍል ከጂኑ 1 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ርቆ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ2015 በርሊን የሚገኘው የማክስ ፕላንክ የሞለኪውላዊ ጄኔቲክስ ተቋም ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው የዚህን ክፍፍል ፋይዳ አሳይተዋል። ጥናቱ የጣት ጉድለት ባለባቸው ቤተሰቦች ኢፒኤችኤ4 በተባለው ጂን አካባቢ የዲኤንኤ መቆረጥ፣ መገልበጥ ወይም መደጋገም መኖሩን አገኘ። ድንበሩ በመፍረሱ የዚህ ጂን አነቃቂዎች ፓክስ3ን የመሳሰሉ ጎረቤት ጂኖችን ያለ ቦታቸው ቀሰቀሱ። ተመሳሳይ ለውጥ በአይጦች ላይ ሲደረግም ጂኖቹ ያለ ቦታቸው ተቀሰቀሱ፤ ድንበሩን ያልነካ መቆረጥ ግን ፓክስ3ን አልቀሰቀሰም።

በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ጥናት ኮሂሲን ከሰው የአንጀት ካንሰር ኅዋሳት ሲወገድ ቀለበቶቹ ጠፍተዋል፤ ከፍተኛ ለውጥ ያሳዩት ጂኖች ግን ጥቂት ነበሩ። ስለዚህ አደረጃጀቱ የጂኖችን ሁሉ ሥራ በእኩል ደረጃ ይወስናል ማለት ስሕተት ነው። ሆኖም ያ ሙከራ የተካሄደው በቤተ ሙከራ በሚራቡ ኅዋሳት ላይ ለጥቂት ሰዓታት ነው። በፅንስ እድገት ወቅት ደግሞ አንድ ጂን ያለ ጊዜውና ያለ ቦታው መቀስቀሱ ብቻ ጣትን ለማጉደል ይበቃል።

ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። የፈረሰ ድንበር ሁሉ የበሽታ መንሥኤ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም፤ እያንዳንዱ በየራሱ ማስረጃ ይመዘን። ነገር ግን ከጂኖም ከ2 በመቶ የማይበልጠውን ፕሮቲን ሠሪ ክፍል ብቻ ያነበበ ምርመራ፣ የቀረውን አለማየቱን በዘገባው ሊገልጽ ይገባል። ያን ጊዜ ወላጆች የተሰጣቸው መልስ የመጨረሻ አለመሆኑን ያውቃሉ፤ ሐኪሙም ቀጣዩን ምርመራ ለማዘዝ ምክንያት ይኖረዋል።