«ጥራጊ» የተባለው ዲኤንኤ እና የስምጥ ሸለቆ ማሳዎቻችን

በሥነ ሕይወት ትምህርት በራሂዎች በክሮሞዞም ላይ እንደ ዶቃ ተሰድረው፣ እያንዳንዳቸው በተመደበላቸው ስፍራ ጸንተው እንደሚኖሩ ተምረናል። ትምህርቱ ስሕተት ባይሆንም ሙሉ አይደለም። ከዲኤንኤ ክፍሎች መካከል ቦታቸውን እየለቀቁ የሚዘዋወሩ፣ አለዚያም ቅጂያቸውን ወደ ሌላ ስፍራ የሚያስገቡ አሉ። በእኛ አስተያየት ይህ ጉዳይ ከፈተና በኋላ የሚረሳ የመጽሐፍ ምዕራፍ ሆኖ መቅረት የለበትም፤ በአዳማና በአካባቢዋ ለምንማር ደግሞ የደጃችን ጉዳይ ነው።

ግኝቱ የተገኘው ከበቆሎ ነው። አሜሪካዊቷ የዘረመል ተመራማሪ ባርባራ ማክሊንቶክ በ1940ዎቹ የዝንጉርጉር በቆሎ ፍሬዎችን ስትመረምር፣ አንድ ተንቀሳቃሽ ክፍል የቀለም በራሂ ውስጥ ሲገባ ፍሬው ቀለሙን እንደሚያጣ፣ ፍሬው በማደግ ላይ ሳለ ክፍሉ ከአንድ ሕዋስ ሲወጣ ግን ከዚያ ሕዋስ የተገኙት ሁሉ ቀለማቸውን መልሰው ነጠብጣብ እንደሚሠሩ አስተዋለች። ብዙዎች ሐሳቧን ለመቀበል ዘገዩ። የኖቤል ሽልማት የተሰጣት እ.ኤ.አ. በ1983፣ በ81 ዓመቷ ነበር።

ዛሬ ከበቆሎ ጂኖም 85 በመቶ ያህሉ፣ ከሰው ልጅም ግማሽ ገደማው ከእነዚህ ተዘዋዋሪ ክፍሎች የመጣ መሆኑ ታውቋል። ለብዙ ዘመን «ጥራጊ» ሲባሉ ኖረዋል። እኛ በስያሜው አንስማማም። ሁሉም ጠቃሚ ናቸው ማለታችን ግን አይደለም፤ አብዛኞቹ ጥቅምም ጉዳትም የላቸውም፣ አንዳንዶቹም ይጎዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ በአንድ የበቆሎ በራሂ አጠገብ የገባ 82 ፊደላት ያሉት ቁራጭ የበራሂውን ሥራ ስለሚያዳክም ቡቃያው ድርቅን የመቋቋም ኃይሉ ይቀንሳል። በአንጻሩ ከበራሂ አጠገብ የገባ ሌላ ተዘዋዋሪ ክፍል፣ ቅርንጫፉ የበዛው የዱር ሣር አንድ ግንድ ያለው በቆሎ እንዲሆን ረድቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 በቀረበው ጥናት መሠረት ይህ ለውጥ ሰው በቆሎን ከማላመዱ በፊት በዱሩ ተክል ውስጥ ነበረ፤ ገበሬው መርጦ አበዛው እንጂ አልፈጠረውም።

ጤፍም የራሱ ምስክርነት አለው። 40 ክሮሞዞሞች ያሉት ይህ ሰብል የሁለት ጥንታዊ ዝርያዎች ውህድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው የጤፍ ጂኖም ጥናት የሁለቱን ወላጆች ድርሻ ሲለይ፣ ውህደቱም ከ1.1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደተፈጸመ ሲገምት የተመራው በእነዚሁ «ጥራጊዎች» ነበር።

እንግዲህ ከእኛ ምን ይጠበቃል? «የጂኖም ምርምር ውድ መሣሪያ ይጠይቃል፤ ለእኛ አይሆንም» የሚሉ አሉ። ስለ መሣሪያው እውነታቸውን ነው። ነገር ግን የበቆሎ፣ የማሽላና የጤፍ የጂኖም መረጃ ለማንም በነጻ ክፍት ነው። ከመረጃው የማይገኘው፣ የትኛው ለውጥ ዝናብ ባጠረበት ማሳ ላይ ምን እንደሚያደርግ ነው። ይህን የሚመልሰው ማሳው ብቻ ነው። ለደረቅ አካባቢዎች ቶሎ የሚደርሱ የበቆሎና የማሽላ ዝርያዎችን የሚያጠናው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ከአዳማ ቅርብ ርቀት ላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2006 ቁንጮ የተሰኘውን የጤፍ ዝርያ ያወጣው የደብረ ዘይት ማዕከልም ቢሾፍቱ ውስጥ ነው።

ስለዚህ የዘረመል ትምህርት በየዓመቱ ቢያንስ አንድ የመኸር ወቅት ከማሳ ጋር እንዲገናኝ፣ ተማሪዎችም የየአካባቢያቸውን ነባር ዝርያዎች እንዲመዘግቡ እንጠይቃለን። የአንድ ለውጥ ጥቅም ገበሬው እስኪመርጠው ድረስ ሳይታወቅ ሊቆይ እንደሚችል ከበቆሎ ታሪክ ተምረናል። ነባሩ ዘር ከጎተራ ሲጠፋ ግን ያልተነበበው ዲኤንኤ አብሮ ይጠፋል፤ ያንን ማንም ላቦራቶሪ መልሶ አያመጣውም።