አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ሕግ አወጣ። ከ2020 ማብቂያ ወዲህ ደን ተመንጥሮ የተተከለ ቡና ገበያዬ አይገባም ነው የሚለው። ቡናው የተለቀመበት ማሳ የት እንዳለ በካርታ ነጥብ መታወቅ አለበት። ሕጉ ሁለቴ ተራዝሞ እስከ 2026 መጨረሻ ተገፍቷል።

የአዲስ አበባ ቡና ላኪዎች «ጊዜ ይሰጠን» ብለው ጮኸዋል። እውነት አላቸው። አንድ ኮንቴይነር ቡና ከስንቱ ጓሮ ተለቃቅሞ እንደሚሞላ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ጊዜው ለማን ነው? ጂንካ ዙሪያ ያለው የአሪ ገበሬ ቡናውን ከእንሰቱ ጋር ጓሮው ውስጥ የሚያበቅል ሰው ነው። ማሳውን ማን ይለካለት? ላኪው የልኬታውን ወጪ ከቡናው ዋጋ ላይ ቢቆርጥበትስ ለማን አቤት ይላል?

ጉዱ ደግሞ ወዲህ ነው። ከጂንካ ቁልቁል በኦሞ ሸለቆ፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ፣ ኢሕአዴግ ለኩራዝ ስኳር ብሎ የቦዲንና የሙርሲን የግጦሽ መሬት በዶዘር አስጠርጓል። በዚያው ዓመት ደርባን ላይ «አረንጓዴ ኢኮኖሚ» የተባለውን ስትራቴጂ ለዓለም አስተዋወቀ! የአውሮፓው ሕግ ከዘረዘራቸው ሰባት ምርቶች ውስጥ ቡና አለ፤ ስኳር የለም። ዶዘሩን የጠየቀ የለም፣ የአሪ ገበሬ ግን ስለ ጓሮው ማስረጃ አምጣ ይባላል።

ላኪዎቹ ብራስልስ ድረስ ሲሟገቱ ይህንንም ይንገሩልን። ካርታውን ማንም ይሥራው፣ ማስረጃው ግን በገበሬው እጅ ይግባ። ያኔ ዋጋ ለጨመረለት ላኪ ይሸጣል።