ጎህ መቅደዱን የሚነግረው ሰው

ረመዳን ሲገባ የመስጊዶች ዙሪያ መልኩ ይለወጣል። አስር ሶላት ሲቃረብ በመርካቶው አንዋር መስጊድ አካባቢ ከተምርና ከሳምቡሳ ሻጮች ጎን ክራንች የያዙ፣ ዊልቸር ላይ ያሉ፣ ነጭ በትራቸውን ጭናቸው ላይ ያጋደሙ አካል ጉዳተኞች ረድፍ ይዘው ይቀመጣሉ። ሰጋጁም ኪሱን ይዳብሳል። ሶደቃው መልካም ነው። ከተቀመጡት መካከል ግን ሥራ ቢያገኝ ሌላውን ለኢፍጣር የሚጋብዝ አይጠፋም።

ስለ ሱሁር ሲወራ የሚነሳ አንድ ታሪክ አለ። በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን በመዲና ሁለት ሙአዚኖች ነበሩ፤ ሐበሻው ቢላልና ዓይነ ስውሩ አብደላህ ኢብን ኡሙ መክቱም። ቢላል ገና ሌሊት ሳለ አዛን ይላል፤ ሰው ተነስቶ ይበላል። መብላት የሚቆመው ኢብን ኡሙ መክቱም ሲጣራ ነው። ሥራው የንጋትን ብርሃን ከሌሊቱ መለየት የሚጠይቅ ነው፤ የተሰጠው ግን ብርሃን ለማያይ ሰው ነው። በሐዲስ እንደተዘገበው መንጋቱ እስኪነገረው ድረስ አይጣራም ነበር። ለእሱ ሲባል የጾሙ ሰዓት አልላላም፣ የሥራው ደረጃም አልወረደም። የተጨመረው ነጋሪ ብቻ ነው።

በእኛ ሕግ ይህ ነጋሪ ስም አለው። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 «ተመጣጣኝ ማመቻቸት» ይለዋል። የሥራ መሣሪያውን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ለሠራተኛው እንዲስማማ ማስተካከል ማለት ነው። ካስፈለገም አሠሪው ረዳት እንዲመድብ ያዛል። የቀድሞውን አዋጅ ቁጥር 101/1986 የተካው ይኸው ሕግ ለቦታው ብቁ ሆኖ ከሌሎች ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ላመጣ አካል ጉዳተኛ ቅድሚያ ይሰጣል። አድልዎ ደርሶብኛል የሚል ሰው ክስ ካቀረበ ደግሞ፣ አድልዎ አለመፈጸሙን የማስረዳት ሸክም ወደ አሠሪው ይዞራል። በወረቀት ሲታይ የሚናቅ ሕግ አይደለም።

በእኔ እይታ ክፍተቱ ያለው «የነጋሪውን ደመወዝ ማን ይከፍላል?» የሚለው ላይ ነው። አዋጁ ወጪውን ለአሠሪው ሰጥቶ ያልፋል፤ መንግሥት ይካፈለዋል አይልም። ማመቻቸቱ በአሠሪው ላይ ከመጠን ያለፈ ጫና የሚፈጥር ሲሆን ግን ግዴታው ይቀራል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚላላው። ስምንት ሠራተኛ ያለው አንድ የሂሳብ ቢሮ መስማት የተሳነው ባለሙያ ሊቀጥር ቢፈልግ ለስብሰባና ለሥልጠና የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። ወጪው አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያበቃ አይደለም። «አቅሜ አይፈቅድም» ቢል ሐሰት ነው ማለት ያስቸግራል፤ ባለሙያውም ባልሠራው ጥፋት ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ይህ ሲባል ሁሉም ማመቻቸት ውድ ነው ማለት አይደለም። የኮምፒውተር ጽሑፍ ለዓይነ ስውር የሚያነበው ኤንቪዲኤ የተባለ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። ጠረጴዛን ከአራተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት ለማውረድም ድጎማ አያስፈልግም፤ ፈቃደኝነት እንጂ። ለዚህ እንኳ ፈቃደኛ ላልሆነ አሠሪ የተቀመጠው የገንዘብ ቅጣት ከ2 ሺህ እስከ 5 ሺህ ብር ነው። አዋጁ ሲወጣ ይህ ገንዘብ የተወሰነ ክብደት ነበረው። ዛሬ ለዒድ አንድ በግ አይገዛም።

የሌሎችን ልምድ ማየት ይጠቅማል። በጀርመን 20ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት 5 በመቶ የሥራ ቦታውን ከፍተኛ ጉዳት ላለባቸው ሰዎች እንዲሰጥ ይጠበቃል፤ ያላሟላ ይከፍላል። የተሰበሰበው ገንዘብ የሥራ ቦታ ለሚያመቻቹ አሠሪዎችና ለሠራተኞቹ ድጋፍ ይውላል። ኮታውን እንዳለ እንቅዳው አልልም። የእኛ አገር ሰው አብዛኛው የሚሠራው በእርሻና በጥቃቅን ንግድ ስለሆነ ኮታ የሚደርሰው ለጥቂቱ ነው። ወጪውን የመጋራት ሐሳቡ ግን ለእኛም ይሆናል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ27ኛው አንቀጹ ለግል አሠሪዎች የሚሰጥ ማበረታቻን ይጠቅሳል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲደግፍ ያዛል።

መንግሥት ራሱ ትልቅ አሠሪ በመሆኑ ከራሱ ቢሮዎች ቢጀምር ይቀለዋል። ለአስተርጓሚ፣ ለረዳትና ለመሣሪያ የሚውል ገንዘብ በየመሥሪያ ቤቱ በጀት ራሱን ችሎ ቢያዝ፣ አካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የመጣበት የሥራ ክፍል ኃላፊ «ከየት ላምጣ?» አይልም። ቀጥሎ ትናንሽ የግል ድርጅቶች ከወጪያቸው የተወሰነው የሚመለስላቸው ፈንድ ሊቋቋም ይችላል። ትልልቆቹ ግን ከራሳቸው ኪስ ይክፈሉ።

በዚህ ወር ዘካቸውን ለሚያሰሉ ነጋዴዎችም አንድ ነገር ላንሳ። አካል ጉዳተኛ መቅጠር ሶደቃ አይደለም፤ ደመወዙም ከዘካ አይታሰብም። ሰውየው የሠራበትን ነው የሚወስደው። ዘካው ለባለመብቶቹ ይውጣ፣ ቅጥሩም እንደማንኛውም ቅጥር በችሎታ ይሁን።

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። የነጋሪው ደመወዝ የሚጻፍበት መስመር መኖር አለመኖሩ ከዚያ በፊት፣ በጀቱ ለምክር ቤት ሲቀርብ ይታያል።