መመሪያው ያላያቸው አማኞች፦ ለደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ትምህርት ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ትምህርት ቢሮ ኃላፊ፣

በአገራችን ሃይማኖትና ትምህርት ቤት አብረው ሲነሡ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሒጃብ፣ ስለ ሶላት ወይም በግቢ ውስጥ ስለሚደረግ ጉባኤ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሒጃብ የለበሱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ተከልክለው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ በጥር ወርም ክልከላው ለጊዜው እንዲታገድ ትእዛዝ ተሰጥቷል። ክርክሩ መራራ ቢሆንም አንድ ነገር አላከራከረም፦ እስልምና ሃይማኖት ስለመሆኑ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔ የምጽፍልዎ ይህችን የመጀመሪያ ደረጃ እንኳ ገና ስላልተሻገረ ተማሪ ነው። ከሐመር፣ ከበና፣ ከሙርሲ፣ ከቦዲ፣ ከኛንጋቶም ወይም ከካራ መንደር ወጥቶ ጂንካ፣ ዲመካ፣ ሐና ወይም ካንጋተን ትምህርት ቤት ደጃፍ የሚቆም ልጅ ይዞት የሚመጣው እምነት በመዝገብም በንግግርም «ባህል» ይባላል፤ ሲከፋም «ጎጂ ልማድ» ተብሎ ይጠቃለላል። ሕገ መንግሥቱ ለዚህ ልጅ የሰጠው ጥበቃ ለሌሎቹ ከሰጠው በምንም እንደማያንስ፣ የእምነቱን መገለጫ የሚከለክል ትምህርት ቤትም የክልከላውን ምክንያት ራሱ ማስረዳት እንዳለበት ላሳይዎ እሞክራለሁ።

ይህ አለማየት የዛሬ ብቻ አይደለም። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች ያወጣው ደንብ አገሩን ለሁለት ከፍሎት ነበር። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በሚበዙበት ስፍራ የውጭ ሚሲዮን ሊያስተምርና ሊያክም ይችላል፤ ሰው ወደራሱ ሃይማኖት መሳብ ግን አይፈቀድለትም። ክርስቲያን ባልሆነው «ክፍት» ስፍራ ግን ስብከቱም ተፈቅዶለታል። ደንቡ የአገሪቱን ነባር ቤተ ክርስቲያን ከፉክክር ሲጠብቅ፣ ባርጆን ለሚለምነው ሐመርና ቱምዊን (አምላኩን) ለሚጠራው ሙርሲ ምን ጥበቃ ሰጠ? ምንም። የእነሱ ምድር ባዶ እንደሆነ ተቆጠረ። ደርግ ሲመጣ ሃይማኖትን ከትምህርት ቤት አስወጣ፤ ነባሩን እምነት ግን አብሮ አስወጣው ከማለት «ኋላ ቀር» ብሎ ፈረጀው ማለቱ ይቀላል። የንጉሡ፣ የደርግና ከደርግ በኋላ የመጣው መንግሥት ስለ ሃይማኖት የተለያየ አቋም ነበራቸው፤ የኦሞ ሸለቆን ሕዝብ እምነት ከእምነት ባለመቁጠር ግን ሕጉ ሲለወጥ እንኳ አሠራሩ ሳይለወጥ ዘልቋል።

ሕጉ በእርግጥ ተለውጧል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 የሚጠብቀው ሃይማኖትን ብቻ ሳይሆን ሃይማኖትን ወይም እምነትን ነው፤ በተቋም መደራጀትን ወይም ቅዱስ መጽሐፍ መያዝን ቅድመ ሁኔታ አላደረገም። አንድ ሰው እምነቱን እንዳይዝ በኃይል ወይም በሌላ ሁኔታ መገደድን ይከለክላል፤ ወላጆችም ልጆቻቸውን በራሳቸው እምነት የማሳደግ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንን የተቀበለችው በሰኔ 1985 ዓ.ም. ነበር። በተከታዩ ወር የቃል ኪዳኑ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ባወጣው ትርጓሜ ጥበቃው ለታወቁና ተቋም ላላቸው ሃይማኖቶች ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ አደረገ። የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም አንቀጽ 30 ላይ የአናሳና የነባር ሕዝብ ልጅ ሃይማኖቱን የመከተል መብቱን በተለይ ያነሣል። ቃል ኪዳኑና ኮንቬንሽኑ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። ስለዚህ «ይህ እኮ ባህል ነው እንጂ ሃይማኖት አይደለም» የሚለው መልስ ሕጋዊ መሠረት የለውም።

እምነት ነው ወይስ ባህል የሚለውን ክርክር የሐመር ኑሮ ራሱ ይፈታዋል። ባርጆ ስንል ዝናቡን፣ ከብቱን፣ ልጁንና ጤናውን የሚያቆመውን በረከት ማለታችን ነው፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይጠሩታል፣ ቢታ የሚባለው የሥርዓት መሪም በዚያ ሥልጣኑ ይከበራል። አንድ ወጣት ለጋብቻ የሚበቃበት የከብት ዝላይ ለቱሪስት የሚቀርብ ትርኢት ከመሆኑ በፊት ከዚህ ጋር የተያያዘ ሥርዓት ነበር፤ ዛሬም ነው። ጂንካ ከተማን ቁልቁል የሚያየው የደቡብ ኦሞ ምርምር ማዕከልና ሙዚየም የእነዚህን ሕዝቦች ሕይወት መዝግቦ ይዟል። እንግዲህ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሙዚየሙ ኮረብታ ሥር ሆኖ የሙዚየሙን ይዘት እንደ ቅርስ እያደነቀ፣ በክፍሉ የተቀመጠውን ልጅ ግን እንደ ችግር ሊያየው አይገባም። ቅርስ ብሎ ማክበር ቀላል ነው፤ የሞተ ነገርም ቅርስ ይባላል።

ተግባራዊው ጥያቄ የሚነሣው ከሁሉ በፊት በአካል ላይ ነው፤ በጸጉር፣ በጨሌ፣ በአንገት ብረት፣ በቅቤና በቀይ አፈር በተዘጋጀ ሹሩባ። የደንብ ልብስ ደንብ ስለ ጸጉር ሲናገር የሚያስበው በከተማ ስለሚያውቀው ልጅ ነው። እዚህ ላይ የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 የሰጠው ውሳኔ ሊነበብ ይገባዋል። በደርባን በሚገኝ የሴቶች ትምህርት ቤት አንዲት የደቡብ ሕንድ ዝርያ ያላት ሂንዱ ተማሪ አፍንጫዋ ላይ ትንሽ የወርቅ ጌጥ አድርጋ መጣች፤ ትምህርት ቤቱ ጌጣጌጥ ይከለክላል፤ ተማሪዋ ደግሞ ሃይማኖታዊ ግዴታ ነው አላለችም፣ የቤተሰቧ ልማድና እምነት ተዋሕዶ የመጣ መሆኑን እንጂ። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የወሰነው ልጅቷ ከትምህርት ቤቱ ከወጣች በኋላ ቢሆንም፣ ባህልና ሃይማኖት በተሳሰሩበት ቦታ አንዱን ከሌላው መነጠል እንደማያስፈልግ፣ በፈቃድ የሚደረግ ሥርዓትም ከግዴታው ባልተናነሰ እንደሚጠበቅ፣ ጌጡ የትምህርት ቤቱን ሥርዓት ያወከ ስለመሆኑም ትምህርት ቤቱ አለማስረዳቱን አስፍሯል። በማላዊም ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 የራስ ተፈሪያን ልጆች ጸጉራቸውን ካልተላጩ አይመዘገቡም የሚለውን የመንግሥት ትምህርት ቤት ደንብ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ተቃርኖ አግኝቶታል። ለእኛ የሚበጀው የክርክሩ ቅደም ተከተል ነው፦ ልጁ መብቱን እንዲያስረዳ ከመጠየቅ በፊት ተቋሙ የክልከላውን አስፈላጊነት ያስረዳ።

ደንብ ልብስ ድሀና ሀብታም እንዳይለይ የተበጀ እኩልነት ነው የሚል መልስ ይመጣል፤ እውነት አለው። ነገር ግን ጨሌ ያደረገች የሐመር ልጅ ከጓደኞቿ የምትለየው በሀብት አይደለም፤ ደንብ ልብሱንም ከጨሌው ጋር መልበስ ትችላለች። ሁለተኛው መልስ ከበድ ይላል፦ ይህን ከፈቀድን ሚንጊ የሚባለውን የሕፃናት ግድያ ሥርዓት፣ በከብት ዝላይ ሥርዓት ላይ ሴቶች የሚገረፉትን ግርፋት፣ የልጃገረዶችን ከንፈር መብሳት ምን ልናደርግ ነው? እኔም ይህን ጥያቄ አልሸሽም። አንቀጽ 35 በሴቶች ላይ የአካልና የአእምሮ ጉዳት የሚያደርስ ልማድን ይከለክላል፤ አንቀጽ 27 ራሱም የእምነት መግለጫ የሌሎችን መሠረታዊ መብት ለመጠበቅ በሕግ ሊገደብ እንደሚችል ይፈቅዳል። በሚንጊ ስም ሕፃን የሚገደልበት ሥርዓት በምንም የእምነት ነጻነት ስም አይጠበቅም። ካራዎች ራሳቸው በ2004 ዓ.ም. ሽማግሌዎቻቸውን ሰብስበው ሚንጊን ማቆማቸው የእምነቱ ሰዎች ከውስጥ የመለወጥ አቅም እንዳላቸው ያስረዳል፤ ይህም የመጣው በጉዳዩ ላይ የራሳቸው ወጣቶች ስለተናገሩ ነው እንጂ ጸጉራቸውን ስለተላጩ አይደለም። ስለዚህ መስመሩ ቀላል ነው፤ ጉዳት ያለው ይከልከል፣ ጉዳት የሌለው ይፈቀድ፣ ሁለቱ ግን በአንድ ሰንጠረዥ «ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች» ተብለው አይጻፉ። ጨሌና ግድያ አንድ አርዕስት ሥር ሲቀመጡ ልጁ የሚረዳው ትምህርት ቤቱ የወላጆቹን ሕይወት በሙሉ እንደሚጸየፍ ነው።

ሦስተኛው መቃወሚያ ስለ ገለልተኝነት ነው። አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነጻ እንዲሆን ያዛል፤ ለአንዱ እምነት ፈቃድ መስጠት ይህን አያፈርስም ወይ? ይህን የሚሉ ሰዎች የትምህርት ዘመን መቁጠሪያውን ይመልከቱት። ልደት፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ ዒድ አል-ፈጥርና መውሊድ ትምህርት ቤት ይዘጋባቸዋል፤ ይህ ትክክል ነው፣ ማንም አይቃወመውም። ነገር ግን የቤተሰቡን የከብት ዝላይ ሊያደርስ ሁለት ቀን የቀረ የሐመር ተማሪ «ያለ በቂ ምክንያት የቀረ» ተብሎ ከተመዘገበ፣ ገለልተኝነቱ ለእርሱ ብቻ የጠበቀ ነው። የበዓሉ ቀን በመንግሥት መቁጠሪያ ላይ የለም፤ ጥሪው ገመድ ላይ በተቋጠረ ቋጠሮ እየተቆጠረ ይደርሳል። ለዚህ ግን ከአንድ አንቀጽ የበለጠ ደንብ አያስፈልግም፤ የተማሪው ቤተሰብ ያስታወቀው ሥርዓት እንደ ሌሎቹ በዓላት በቂ ምክንያት ሆኖ ይቆጠር።

አንቀጽ 90 ሌላም ፊት አለው፤ እርሱ ብዙም አይነሣም። በአካባቢው «ተምሯል» እና «ክርስቲያን ሆኗል» የሚሉት ቃላት እየተቀራረቡ ሄደዋል። ሰው ሃይማኖቱን የመቀየር መብት አለው፤ አንድ የሙርሲ ወጣት ወንጌላዊ ቢሆን የራሱ ጉዳይ ነው። ነገር ግን መንግሥት በሚከፍለው ደመወዝ የሚያስተምር ሰው በክፍል ውስጥ የልጁን እምነት ሲያንቋሽሽ፣ ወይም በሆስቴል የሚኖር ልጅ ለመወደድ ሲል ወደ ማኅበር ጸሎት ሲገፋ፣ የተፈጸመው በአንቀጽ 27 የተከለከለው ግፊት ነው። ሐመር ወረዳ ላይ በ2007 ዓ.ም. አካባቢ ከመንግሥት ጋር በተነሣው ግጭት ሴት ልጆችን በግድ ትምህርት ቤት ማስገባት አንዱ ምክንያት እንደነበር ያጠኑ ሰዎች ጽፈዋል። ሴት ልጅ መማሯን የምደግፍ ሰው ነኝ፤ ለዚህም ነው ወላጅ ትምህርት ቤትን «ልጄን የሚወስድብኝ ሌላ ሃይማኖት» ብሎ እንዳይፈራው የምፈልገው።

የተከበሩ ኃላፊ፣ የምጠይቀው አዲስ አዋጅ አይደለም። ቢሮዎ ከደቡብ ኦሞ ዞን ትምህርት መምሪያ ጋር ሆኖ፣ ከየሕዝቡ ሽማግሌዎችና ከተማሪዎቹ ተወካዮች ጋር ተነጋግሮ፣ ስለ ጸጉርና ጌጥ፣ ስለ ሥርዓት ቀን መቅረት እና ስለ መምህራን ሥነ ምግባር አጭር የአፈጻጸም ሰነድ ያውጣ። በሰነዱ ላይ ትምህርት ቤት አንድን መገለጫ ሲከለክል ምክንያቱን በጽሑፍ ያስቀምጥ፤ ወላጅ ይግባኝ የሚልበትም ሰው በስም ይታወቅ። የመስከረም ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ቢወጣ ተማሪዎቹ በበሩ ላይ ከመጉላላት ይድናሉ።

ከአክብሮት ጋር

ግልባጭ፦ ለደቡብ ኦሞ ዞን ትምህርት መምሪያ፣ ጂንካ