ፀሐይን ከደጅ መመለስ ይረክሳል

ግንቦትና ሰኔ ሲገባ ድሬዳዋ ላይ የቬንትሌተርና የኤር ኮንዲሽነር ገበያ ይደራል። ሻጩ አልዋሸም፣ ገዢውም ሞኝ አይደለም፤ ሙቀቱ እውነት ነው። ይሁንና እዚያው ከተማ ሰሌን የሚሸጠውን ነጋዴ "ለመስኮቴ የሚሆን ስጠኝ" የሚለው ደንበኛ እምብዛም አይገኝም። በዚህ ጸሐፊ እምነት የገበያው ስሕተት እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከሰዓት በኋላ በምዕራብ መስኮት ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል በአንድ ካሬ ሜትር 600 ዋት ያህል ይደርሳል። ተራ መስታወት ከዚህ ከአሥር ስምንቱን እጅ ወደ ውስጥ ያሳልፋል። እንግዲህ 2 ካሬ ሜትር መስኮት ያለው ክፍል 1 ሺህ ዋት ገደማ የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምድጃ እንደ ተለኮሰበት ቁጠሩት። ኤር ኮንዲሽነር የምንገዛው ይህንኑ ምድጃ ለማሸነፍ ነው።

"መጋረጃ አለኝ" የሚል አይጠፋም። የውስጥ መጋረጃ ግን "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" እንደሚባለው ነው። ብርሃኑ መስታወቱን አልፎ ጨርቁ ላይ ሲያርፍ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ አብዛኛውም ሙቀት ተመልሶ ሳይወጣ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። ከለላው ከመስታወቱ ውጭ ሲሆን ግን የሚግለው እሱ ነው፤ ሙቀቱንም ነፋስ ይወስደዋል። ለሌባ የብረት ፍርግርጉን ከውጭ የምናደርግ ሰዎች፣ ለፀሐይ ጊዜ ከውስጥ መከላከላችን ምን ይባላል?

ዘዴው ለድሬዳዋ አዲስ አይደለም። ከተማዋ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመጣው የባቡር ሐዲድ ምክንያት ከተቆረቆረች በኋላ በከዚራ የተሠሩት የድሮ ቤቶች በረንዳና አየር የሚያሳልፍ የእንጨት መዝጊያ ነበራቸው። መንገዱም በዛፍ ጥላ ተሸፍኗል። ከዚያ ወዲህ ግን መስታወቱ ሰፋ፣ መዝጊያው ቀረ።

ሒሳቡን እንመልከት። 1 ሺህ ዋት የሚወስድ ኤር ኮንዲሽነር በቀን 8 ሰዓት ያለ ዕረፍት ቢሠራ በወር 240 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ የሚወደድበት ነው፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም በየሩብ ዓመቱ ለ4 ዓመታት ከፍ እንዲል ተወስኗል። ዕቃው ራሱ ከውጭ በዶላር የሚገባ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አልፏል። ሰሌኑ፣ ቀርከሃውና የአናጢው እጅ ግን ዶላር አይጠይቁም።

ታዲያ ይህን ያህል የሚያዋጣ ነገር ለምን አልተለመደም? መልሱን ይህ ጸሐፊ በኪራይ ሲኖር ተምሮታል። ድሬዳዋ የተከራየሁት ክፍል መስኮቶቹ ሁለቱም ወደ ምዕራብ ናቸው። አከራዬን የውጭ መዝጊያ ያሠሩልኝ ብዬ ብለምናቸው፣ "ልጄ፣ መብራት የምትከፍለው አንተ፣ ገንዘብ የማወጣው እኔ?" አሉኝ። እኔ ላሠራ ስል ደግሞ ግድግዳዬ አይበሳም አሉ። በመጨረሻ ሰሌን ገዝቼ በፍርግርጉ ላይ በሽቦ አሰርኩት። ጠቅላላ ወጪው የአንድ ወር ኪራይ ሩብ አልሞላም። ቬንትሌተሬም ማታ ማታ ብቻ የሚሠራ ሆነ።

ቤቱን ስለቅ ሰሌኑን ትቼው ወጣሁ። አከራዬ ለሚቀጥለው ተከራይ ኪራይ ሲጨምሩ ያቀረቡት ምክንያት፣ "ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው" የሚል ነበር!

በኢኮኖሚክስ ትምህርት ይህ የታወቀ ችግር ነው። ወጪ የሚያወጣው አንዱ፣ ጥቅሙን የሚያገኘው ሌላው ሲሆን ሁለቱንም የሚጠቅም ሥራ ሳይሠራ ይቀራል። የአከራዬ ጭማሪ ግን ጥላ ዋጋ እንዳለው ራሳቸው የፈረሙበት ማስረጃ ነው። መፍትሔውም ውሉ ላይ ነው፤ ተከራይ ከለላውን ያሠራ፣ ወጪው ከኪራይ ይታሰብለት፣ ሲለቅ ለቤቱ ይቅር። አከራይም ቋሚ ንብረት ያገኛል።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት ግን አቅጣጫ መለየት ይገባል። በእኛ አገር ፀሐይ በምሥራቅና በምዕራብ መስኮት የምትገባው ዝቅ ብላ ነው፤ ስለዚህ አጭር የጣሪያ ክፈፍ አይበቃም፣ ፊት ለፊት የሚወርድ ከለላ ያስፈልጋል። ለሰሜንና ለደቡብ መስኮት መጠነኛ ክፈፍ ይበቃል። እኩለ ቀን ላይ ሸክሙን የሚቀበለው ጣሪያው በመሆኑ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት በመስኮት ከለላ ብቻ አይድንም። በጣም በሚሞቅበት ወቅትም ቬንትሌተር ያስፈልግ ይሆናል።

ቢሆንም ቅደም ተከተሉ አይዘንጋ። መጀመሪያ ጥላ፣ ቀጥሎ ነፋስ፣ መጨረሻ ላይ ማሽን። አዲስ ቤት የሚያሠራም ሰው የመስታወቱን ዋጋ ሲጠይቅ የመዝጊያውን ዋጋ አብሮ ይጠይቅ። መዝጊያው አንድ ጊዜ ይከፈልበታል፤ የመብራት ሒሳብ ግን በየወሩ ይመጣል።