የተፈረመበት ዕዳ ዝርዝሩ ይታወቅ

ክቡር የአዲስ ዘመን ጋዜጣ አዘጋጅ ሆይ፤

በአንባቢያን ዓምድ ስፍራ እንዲሰጡኝ በትሕትና እየለመንሁ፣ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ስለሚታሰበው የወጪ መጋራት ያለኝን አሳብ አቀርባለሁ።

በሐረር የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ያስተማርኋቸው ልጆች ሐረማያም ሆነ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማሉ። አንዱ ሊፈርም ሲል «መምህር፣ ይህ ገንዘብ የምን የምን ዋጋ ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ መልስ አጣሁ።

የነገሩን መሠረት አውቃለሁ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 91 ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲጋራ፣ ሥራ ሲይዝም ከደመወዙ እየተቆረጠ እንዲከፍል ደነገገ። አሳቡን አልነቅፍም። በድኻ ገበሬ ግብር የተማረ ሰው ወጪት ሰባሪ መሆን አይገባውም።

ነገር ግን የተማሪው የዕለት ምግብ ተመን በ2017 ዓ.ም. ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። በ22 ብር ቀን ሙሉ መመገብ እንደማይቻል ገበያ የወጣ ሁሉ ስለሚያውቅ ጭማሪውን አልቃወምም። ሆኖም በዓመት 300 ቀን ቢታሰብ፣ 6,600 ብር የነበረው 30,000 ብር ይሆናል። ምግቡ በሙሉ በተማሪው ስም የሚጻፍ ከሆነ፣ ጭማሪው ከድስቱ መድረሱን ሊያውቅ አይገባውምን? በጀጎል ውስጥ ባለው አፎቻ፣ ማለት በሐረሪዎች እድር፣ መዋጮ የሰጠ አባል ገንዘቡ በምን ላይ እንደ ዋለ ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

ሁለተኛው ችግር አከፋፈሉ ነው። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ለሦስት ዓመት ከደመወዙ ሲቆረጥ ቆይቶ የቀረውን ዕዳ ለማወቅ ቢፈልግ፣ አንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ይመራው ጀመር። ዕዳውን ሳያጠናቅቅ ደግሞ ዋናውን የትምህርት ማስረጃ አያገኝም። በየሒሳብ ክፍሉ የምትሠሩ ወገኖቼ ይህን ጉዳይ ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ መጀመሪያ የአንድ ተማሪ የትምህርት፣ የምግብና የመኝታ ወጪ ስንት ስንት እንደ ሆነ፣ በዓመቱ መጨረሻም በእውነት የወጣውን በየትምህርት ክፍሉ ሰሌዳ ይለጥፍ። ሁለተኛ፣ ከደመወዙ ለሚቆረጥበት ምሩቅ የተከፈለውንና የቀረውን የሚያሳይ ወረቀት በየዓመቱ ይሰጠው።

ይህ ቢደረግ አበዳሪው መንግሥትም ተበዳሪው ልጅም ይጠቀማሉ፤ ዕዳውን በግልጽ የሚያውቅ ሰው ለመክፈል አያመነታም። እኔም ለተማሪዬ የምመልሰው አላጣም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ መምህር
ከሐረር